ኑር ኢናያት ኻን፥ አደራዋን ያልጣለች የምሥጢር መልእክተኛ

(በሬዲዮ ከተሰጡት የታሪክ ንግግሮች የተወሰደ)

የጦርነት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በአደባባይ ተሰልፎ የተዋጋው ወታደርና ሠራዊቱን የመራው የጦር አለቃ ነው። ነገር ግን የወታደር ልብስ ሳይለብስ፥ ሰንደቅ ዓላማ ሳይዝ፥ ስሙን እንኳ ለውጦ በጠላት መካከል የሚኖር፥ ሥራውን ሲፈጽም የማይመሰገን፥ ሲያዝም የላከው መንግሥት ወጥቶ የማይከራከርለት ሌላ ዓይነት ተዋጊ አለ። እኛ በአምስቱ የወረራ ዓመታት እንዲህ ያለውን ሰው የውስጥ አርበኛ ብለን ጠርተነዋል። በሌሎችም አገሮች በጠላት እጅ በወደቁ ከተማዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የምናነሣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር በዚህ ሥራ ላይ ተሰማርታ ሕይወቷን የሰጠችውን የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ ነው። ስሟ ኑር ኢናያት ኻን ይባላል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኑር የተወለደችው በጃንዩዋሪ 1 ቀን 1914 በሞስኮ ከተማ ነው። አባቷ ኢናያት ኻን ከሕንድ አገር ከባሮዳ የመጡ የታወቁ የዜማ ሊቅና የሱፊ መንፈሳዊ ትምህርት መምህር ነበሩ፤ እናቷ ኦራ ሬይ ቤከር ደግሞ የአሜሪካ ተወላጅ ነበሩ። በአባቷ በኩል የዘር ሐረጓ የማይሶር ገዥ ከነበረው ከቲፑ ሱልጣን ይመዘዛል። ቲፑ ሱልጣን በ1799 ዋና ከተማውን ሲከላከል ከእንግሊዞች ጋር ተዋግቶ የወደቀ ንጉሥ ነው። ከእርሱ ዘር የተወለደችው ይህች ልጅ ከ145 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛነት መሞቷ የታሪክን አካሄድ እጅግ የሚያስደንቅ ያደርገዋል።

ቤተሰቡ በ1914 ከሩሲያ ወጥቶ ወደ ሎንዶን ሄደ፤ በ1920 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፓሪስ አጠገብ ሱሬን በምትባል ስፍራ ቤት ይዞ ተቀመጠ። አባትየው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሐሰት መናገር ነውር፥ በሰው ላይ እጅ ማንሣትም በደል መሆኑን እያስተማሩ ነበር። ወደ ሕንድ ሄደው በ1927 በዚያው በሞት በተለዩ ጊዜ ኑር ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ በኀዘን ተጎድተው ከሰው ርቀው ስለ ተቀመጡ የሁለቱ ወንድሞቿና የታናሽ እኅቷ አሳዳጊ፥ የቤቱም አስተዳዳሪ እርሷ ሆነች። አደራ መሸከምን የተማረችው በጦርነት ሳይሆን በእናቷ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናትን ሥነ ልቡና፥ ዝነኛይቱ መምህርት ናዲያ ቡላንዤ ከሚያስተምሩበት ቤት ደግሞ ሙዚቃን ተማረች። በገናና ፒያኖ ትመታ ነበር። ለልጆች የሚሆኑ ተረቶች እየጻፈች በፓሪስ ሬዲዮ ታሰማ ጀመር። በ1939 ከቡድሃ የቀድሞ ሕይወቶች ታሪክ የተውጣጡ ሃያ የጃታካ ተረቶችን የያዘ መጽሐፍ በሎንዶን አሳተመች። በዚያ መጽሐፍ ካሉት ተረቶች አንዱ ስለ ዝንጀሮዎች ንጉሥ የሚናገር ነው። ወገኖቹ ተከበው መውጫ ባጡ ጊዜ ንጉሡ የገዛ አካሉን በወንዝ ላይ ድልድይ አድርጎ ያሻግራቸዋል፤ እርሱ ግን ጀርባው ተሰብሮ ይሞታል። ጸሐፊዋ ይህን ለሕፃናት ስትተርክ በአምስት ዓመት ውስጥ የራሷ ዕጣ ይህንኑ እንደሚመስል ማን ሊያስብ ይችላል?

በ1940 የጀርመን ሠራዊት ፈረንሳይን ሲያጥለቀልቅ ኑርና ቤተሰቧ ከሚሸሸው ሕዝብ ጋር ወደ ቦርዶ ወርደው በጁን ወር በመርከብ እንግሊዝ አገር ደረሱ። በዚያ ጊዜ እርሷና ወንድሟ ቪላያት አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበላቸው። የተማሩት ትምህርት ሰው መግደልን ይከለክላል፤ በዓይናቸው ያዩት ግፍ ደግሞ ዝም ማለትን አይፈቅድም። ሁለቱ ተመካክረው የደረሱበት ውሳኔ በጦርነቱ ውስጥ አደጋው የበዛበትን ስፍራ መያዝ፥ ነገር ግን በተቻለ መጠን በገዛ እጅ ሰው አለመግደል ነበር። በኖቬምበር 19 ቀን 1940 ኑር በሴቶች ረዳት አየር ኃይል ውስጥ ገብታ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሥራ ተማረች። ለመኰንንነት በተፈተነች ጊዜም ከጦርነቱ በኋላ የሕንድን ነፃነት እንደምትደግፍ ሳትሸሽግ ለፈታኞቿ መናገሯ ይነገርላታል።

ፈረንሳይኛ እንደ ተወላጅ የምትናገር፥ የሬዲዮም ሥራ የምታውቅ ሴት በመሆኗ የእንግሊዝ መንግሥት የልዩ ዘመቻዎች መሥሪያ ቤት ተመለከታት። ይህ መሥሪያ ቤት በ1940 የተቋቋመ ሲሆን ሥራውም ጠላት በያዛቸው አገሮች ውስጥ መሣሪያ፥ ገንዘብና ሰው እያስገባ የአርበኞችን ትግል መርዳት ነበር። በፈረንሳይ ጉዳይ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ገብታ በ1943 መጀመሪያ ሥልጠና ጀመረች። አሠልጣኞቿ ስለ እርሷ የሰጡት አስተያየት የተለያየ ነበር። አንዳንዶቹ ትጋቷንና ቅንነቷን አመሰገኑ፤ ሌሎቹ ግን በጣም ገር፥ ሕልመኛ፥ በጥያቄም ጊዜ የምትደነግጥ ስለሆነች ለዚህ ሥራ አትበጅም አሉ። የክፍሉ አለቃ ኮሎኔል ሞሪስ ባክማስተር ይህን ተቃውሞ ሳይቀበሉ እንድትሄድ ወሰኑ፤ ምክንያቱም የሬዲዮ ሠራተኞች እጥረት ከፍተኛ ነበር። የኮሎኔሉ ረዳት ቬራ አትኪንስ ግን ለብቻዋ ጠርታ ሐሳቧን መለወጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ኑር የመለሰችው መሄድ እንደምትፈልግና የሚያስጨንቃት የእናቷ ነገር ብቻ መሆኑን ነበር፤ መሞቷ በእርግጥ ካልታወቀ በቀር ለእናቷ ክፉ ወሬ እንዳይነገራቸው ለመነች። ቬራ አትኪንስም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኝታት፥ ከራሷ ደረት ላይ የብር ወፍ ጌጥ ነቅላ ሰጠቻት።

በጁን 16 ቀን 1943 ሌሊት ላይሳንደር በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ተሳፍራ በአንዤ ከተማ አጠገብ ወረደች። የምሥጢር ስሟ ማድሌን፥ በሐሰተኛ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ስሟ ደግሞ ዣን ማሪ ሬኒዬ ነበር። ከዚህ ክፍል ወደ ፈረንሳይ ከተላኩት የሬዲዮ ሠራተኞች መካከል የመጀመሪያይቱ ሴት ናት።

የሬዲዮ ሠራተኛ ሥራ ምን ያህል አስፈሪ እንደ ነበረ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በዚያ ዘመን መሣሪያው በሻንጣ የሚያዝና 15 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሲሆን፥ ለአንቴና የሚሆን ረዥም ሽቦ መዘርጋት ያስፈልገው ነበር። ጀርመኖች ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚነሣ የሚለዩ መሣሪያዎችን በመኪና ጭነው ከተማውን ሲዞሩ ይውሉ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው በአንድ ቤት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሠርቶ፥ ሻንጣውን ይዞ፥ በፍተሻ መካከል አልፎ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ነበረበት። አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ሳይያዝ ሊሠራ የሚችለው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይገመት ነበር። የሚልኩት ሰዎችም፥ የሚላኩትም ይህን ግምት ያውቁ ነበር።

ኑር የተመደበችው በፓሪስና በአካባቢው ፕሮስፐር ተብሎ በሚጠራው ትልቅ የምሥጢር ማኅበር ውስጥ ነበር። ነገር ግን በደረሰች በሳምንት ጊዜ ውስጥ የማኅበሩ መሪ ፍራንሲስ ሳቲል በጁን 24 ቀን ተያዘ። ከእርሱ ጋር የሬዲዮ ሠራተኞቹና ብዙ የፈረንሳይ አርበኞች እየታደኑ ታሰሩ። ሎንዶን ይህን በሰማ ጊዜ ኑር በአውሮፕላን ተመልሳ እንድትመጣ ሐሳብ አቀረበላት። እርሷ ግን አልተመለሰችም። ከሄደች የተረፉት ጓዶቿ ከሎንዶን ጋር የሚገናኙበት መንገድ ፈጽሞ እንደሚዘጋ ተናግራ ምትክ እስኪመጣ ድረስ ልቆይ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፓሪስ ለዚያ ክፍል የቀረው የሬዲዮ ድምፅ የእርሷ ብቻ ሆነ።

የጸጉሯን ቀለም እየለወጠች፥ ማደሪያዋን እየቀያየረች፥ በሱሬን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች ቤት እየገባች መልእክት ማስተላለፏን ቀጠለች። አንድ ቀን በባቡር ውስጥ ሁለት ጀርመኖች በሻንጣው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቋት፥ የሲኒማ ማሳያ መሣሪያ ነው ብላ ከፍታ አሳይታቸው እንደ ተለቀቀች ይተረካል። ሐሰት የማትችል ናት ተብላ የተፈራችው ልጅ በጓዶቿ ሕይወት ላይ በመጣ ጊዜ ይህን ለመናገር አልተንቀጠቀጠችም። ስድስት ሳምንት ይበቃታል የተባለችው አራት ወር ያህል ሠራች።

የመጨረሻው ግን ከጠላት ብልሃት ሳይሆን ከክህደት የመጣ ነው። በኦክቶበር ወር 1943 አድራሻዋ ለጀርመኖች የጸጥታ ፖሊስ በገንዘብ ተሸጠ፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተደብቆ የቆያት ሰው ያዛት። እንዳትያዝ እየነከሰችና እየቧጨረች ስለ ታገለች ያዡ ሰው ሽጉጥ ደግኖ ርዳታ እስኪመጣለት ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከዚያ አቬኑ ፎሽ 84 ቁጥር ወደሚገኘው የፖሊሱ ዋና መሥሪያ ቤት ተወሰደች። በደረሰች ሰዓት ገላዬን ልታጠብ ብላ በመታጠቢያው ቤት መስኮት ወጥታ ጣሪያ ላይ ስትራመድ ተይዛ ተመለሰች። በኖቬምበር 25 ቀን ለሊት ደግሞ ከሌሎች ሁለት እስረኞች ጋር የመስኮት ብረት ነቅላ በጣሪያ ላይ አመለጠች። ነገር ግን በዚያው ሰዓት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ስለ መጡ የአደጋ ደወል ተደወለ፤ ጠባቂዎቹ ክፍሎቹን ሲመለከቱ ባዶ አገኟቸውና ሦስቱም ተያዙ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሃንስ ኪፈር ሁለተኛ ለማምለጥ እንዳትሞክር በፊርማዋ ቃል እንድትገባለት ጠየቃት። እርሷም አልፈርምም አለች። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ ኑር የማትጠብቀውን ቃል ለጠላት እንኳ ልትሰጥ አልወደደችም። ስለዚህ ወደ ጀርመን አገር እንድትወሰድ ተደረገ።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ እዚህ ላይ የዚህ ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ክፍል ይገኛል። ኪፈር ራሱ ከጦርነቱ በኋላ እንደ መሰከረው ኑር በምርመራ ጊዜ የጓዶቿን ስም ወይም የሥራዋን ምሥጢር አልሰጠችም። ነገር ግን አፏ ዝም ቢልም ደብተሯ ተናገረ። በያዟት ጊዜ ያስተላለፈቻቸው መልእክቶች ሁሉ በምሥጢር ጽሕፈትና በግልጽ ጽሕፈት የተገለበጡበት ደብተር በቤቷ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ወዲያው ማቃጠል የሥራው ሕግ ነበር። ታዲያ ለምን አስቀመጠችው? አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚሰጡት ምክንያት የሚከተለው ነው። ከተሰጣት መመሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ መልእክት ማስተላለፍ ማለትም፥ ወረቀትን በመዝገብ ማኖር ማለትም የሚሆን አንድ ቃል ነበረበት። መመሪያው ስለ ማስተላለፍ እንድትጠነቀቅ ሲል እርሷ ስለ መዝገብ የተነገራት መስሏት ይሆናል። ይህ እውነት ከሆነ በቢሮ ተቀምጦ በጥድፊያ የተጻፈ አንድ አሻሚ ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያስረዳል።

ጀርመኖቹ በዚያ ደብተርና በእርሷ መሣሪያ አማካይነት ራሳቸውን ማድሌን እያስመሰሉ ከሎንዶን ጋር መላላክ ጀመሩ። በሎንዶን ስለ እርሷ መልካም ያልሆነ ወሬ ደርሶ ነበር፤ የመልእክቶቹም ነገር ያጠራጠራቸው አልጠፉም። ነገር ግን ጥርጣሬው እስከ መጨረሻው ሳይመረመር ሥራው ቀጠለ፤ መሣሪያና ገንዘብም፥ ሰውም ይላክ ነበር። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1944 ሌሊት ፍራንስ አንቴልም፥ ሊዮኔል ሊና ማድሌን ዳመርማን የተባሉ ሦስት መልእክተኞች ጀርመኖች ምልክት አብርተው ወደሚጠብቋቸው ሜዳ በጃንጥላ ወረዱ። እግራቸው መሬት እንደ ነካ ተያዙ። ማድሌን ዳመርማን የ26 ዓመት ሴት ነበረች። ስሟን በዚህ ንግግር ፍጻሜ ደግመን እናገኘዋለን።

ኑር በዚህ ጊዜ ይህን ሁሉ ሳታውቅ በደቡብ ጀርመን በፎርትስሃይም ወህኒ ቤት ታስራ ነበር። ሌሊትና ጉም ተብሎ በተሰየመው ትእዛዝ መሠረት የገባችበት እንዳይታወቅ ሆና ለብቻዋ ተዘጋባት። እጆቿና እግሮቿ በሰንሰለት ታስረው፥ ሁለቱም በሌላ ሰንሰለት ተያይዘው አሥር ወር ያህል ቆየች። ያለ ሰው ርዳታ መብላትም፥ ገላዋን ማጽዳትም አትችልም ነበር። በዚያው ወህኒ የነበሩ ፈረንሳውያን ሴቶች በምግብ ሳሕኖች ሥር እየጫሩ ከእርሷ ጋር ይላላኩ ጀመር። እርሷም በሳሕኑ ሥር ኖራ ቤከር ብላ በእናቷ የቤተሰብ ስም ስሟንና በሎንዶን የሚገኘውን አድራሻ ጻፈችላቸው። ይህች ትንሽ ጽሕፈት ኋላ ትልቅ ነገር ሠራች።

በሴፕቴምበር 1944 ከፎርትስሃይም ተወስዳ ከሌሎች ሦስት ሴት መልእክተኞች ጋር ዳኻው ወደሚባለው የእስረኞች ሰፈር ተጓዘች። ሦስቱ ዮላንድ ቤክማን፥ ኤልያን ፕሉማንና ማድሌን ዳመርማን ነበሩ። በሴፕቴምበር 13 ቀን ማለዳ አራቱም በጥይት ተገደሉ። ከጦርነቱ በኋላ በተሰጠ ምስክርነት እንደ ተነገረው ኑር ከመገደሏ በፊት ብዙ ተደብድባ ነበር፤ የመጨረሻ ቃሏም በፈረንሳይኛ ነፃነት የሚል ነበር። ዕድሜዋ 30 ዓመት ነበር። በእርሷ ስም በተላከ ሐሰተኛ መልእክት የተያዘችው ማድሌን ዳመርማን በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ከእርሷ ጋር ሞተች።

ጦርነቱ ሲፈጸም ከመቶ የሚበልጡ የዚያ ክፍል መልእክተኞች ወዴት እንደ ደረሱ አይታወቅም ነበር። ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ቀድሞ ሥራቸው በተመለሱበት ጊዜ ቬራ አትኪንስ ግን በ1946 ወደ ጀርመን ሄዳ የወህኒ ቤት ጠባቂዎችንና የፖሊስ አለቆችን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች። በመጀመሪያ ኑር ናትስቫይለር በሚባል ሌላ ሰፈር እንደ ሞተች ተቈጥሮ ነበር። በሳሕን ሥር የተጻፈውን አድራሻ በቃሏ የያዘች አንዲት የቀድሞ እስረኛ ለዚያ አድራሻ ደብዳቤ በመጻፏ ግን ፍለጋው ወደ ፎርትስሃይም፥ ከዚያም ወደ ዳኻው መራ። እውነቱ በ1947 ተረጋገጠ። ቬራ አትኪንስ ኪፈርን በእስር ቤት አግኝታ ስለ ኑር ብትጠይቀው ሲመሰክር እንዳለቀሰ ተጽፏል።

የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መስቀል ኒሻን፥ የእንግሊዝ መንግሥትም በአፕሪል 1949 የጆርጅ መስቀል የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ለኑር ሰጡ። በኖቬምበር 2012 በሎንዶን በጎርደን አደባባይ የመታሰቢያ ሐውልቷ ተመረቀ፤ በ2020 ደግሞ ከእናቷ ጋር ትኖርበት በነበረው ቤት ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? የመጀመሪያው ገርነትና ጀግንነት የማይቃረኑ መሆናቸው ነው። በገና የምትመታና ለሕፃናት ተረት የምትጽፍ ልጅ፥ መዶሻ ያልሰበረውን ልብ በውስጧ ይዛ ነበር። አሠልጣኞቿ የፈሩላት ባሕርይ፥ ማለት ሐሰትን መጥላቷ፥ ጓዶቿን ጥላ እንዳትሄድና የማትጠብቀውን ቃል እንዳትፈርም ያደረጋት ይኸው ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን በይበልጥ የሚመለከተው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጠን የምንሠራውን ነው። አደራ ሁለት ወገን አለው፤ የተላከና የላከ። የተላከችው ኑር ድርሻዋን እስከ ሞት ፈጸመች። ከላኩት ወገን አንዳንዱ በእርግጥ ያልተመረመረ ሥራ ሠራ፤ መመሪያውን አሻሚ አድርጎ ጻፈ፥ የመጣውን ማስጠንቀቂያ አቃለለ፥ ጥርጣሬውን ሳያጣራ ቀጣዩን ሰው ላከ። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሥራው የበዛባቸውና መልካም ዜና ለማመን የቸኰሉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ነገር ግን ማድሌን ዳመርማን በዚያ ሜዳ ላይ ስትወርድ የከፈለችው ዋጋ ቅን ሐሳባቸው አልቀነሰላትም። በሌላ በኩል ከላኩት ወገን አንዲት ሴት፥ ማንም ሳያስገድዳት፥ የላከቻቸውን ልጆች መጨረሻ ሳታውቅ አልቀመጥም ብላ በፈረሰ አገር ውስጥ ዞረች። ከሁለቱ ዓይነት ሠራተኞች የትኛውን መምሰል እንደሚገባን የሚያጠራጥር አይደለም።

በየዕለቱ በእጃችን የሚያልፈው ወረቀት በሌላው ጫፍ ሰው አለው። ቃሉን አጥርተን ብንጽፍ፥ የመጣልንን ማስጠንቀቂያ ብንመረምር፥ የላክነውንም ብንጠይቅ፥ በሰንሰለት ታስራ ምሥጢሯን ለጠበቀችው ለዚያች ሴት ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ አቆምንላት ማለት ነው።